በዘመኑ አይባልም

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ታቦር ላይ በምኖርበት ሰፈር አንተ የሚለኝ ሰው የለም። ባለሱቁ "ጋሼ" ይለኛል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ "አባባ፣ ይግቡ" ይሉኛል፤ የአከራዬ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ ኳሳቸውን አቅፈው "እንደምን ዋሉ" ብለው መንገድ ይለቁልኛል። ክብር ነውና አልጠላውም። ነገር ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ድረስ አንድም ሰው "የት ጠፍተህ ነው?" ያላለው ሰው ቀስ በቀስ ለራሱም እንግዳ ይሆናል። አላገባሁም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ሰሜን ያለችው ታናሽ እህቴ እንኳ ስትደውል ሽበቴን በድምፄ ያየችው ይመስል እርስዎ ማለት ጀምራለች።

አንተ የሚለኝ አንድ ሰው ነበር። ሞቶ አይደለም፤ እዚሁ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ይኖራል፤ ከእኔ ቤት በባጃጅ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አንተ ማለቱን የተወው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ቃሉን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ሠዓሊ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ በእጅ በሚጻፍበት ጊዜ መናኸሪያ አካባቢ ከነበሩት የምግብ ቤት፣ የጸጉር ቤትና የጎማ ጥገና ሰሌዳዎች ግማሾቹ የእሱ እጅ ሥራ ነበሩ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት አራሚ ነበርኩ። እንጀራዬ ሰው የጻፈው ላይ ስህተት መፈለግ ነበር፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም አልተውም። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ሳልፍ፣ አንድ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ "ጸጉር ቤት" የሚለውን በፀሐዩ ፀ ሲጽፍ አየሁና ከታች ሆኜ አረምኩት። ሰውየው ወረደ። ቡሩሹን በጨርቅ ጠረገ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና "ሌላስ ምን አየህ?" አለኝ። ገና ስሜን ሳያውቅ አንተ ብሎ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አብረን ሻይ ጠጣን። እሱ ሚስትና ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያንም መዘምራንም ያለው ሰው ነው፤ እኔ ያለኝ እሱን ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ታቦር ይወጣና ከደጄ ሆኖ "አለህ?" ይላል። መኖሬን ሌላ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ "አለሁ" ስል ደስ ይለኝ ነበር።

በማሽን የሚታተመው ባነር መጥቶ የእጅ ጽሑፍ ሥራ ሲቀዘቅዝበት እኔም ቀደም ብዬ ጡረታ ወጣሁ። ሁለት ሥራ ፈቶች ሆንን። በወጣትነቴ የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ታሪኮችን አንብቤ ስለነበር አንዱን ካንዱ እያደባለቅሁ እተርክለት ጀመር፦ ጭጋግ የዋጠው ከተማ፣ የጋዝ መብራት፣ በፈረስ ጋሪ የሚመጣ ባለጉዳይ፣ ጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ምልክት። አንድ እሑድ ሲሰማኝ ቆይቶ "ለምን አንሥለውም?" አለ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቶ ያስቀምጥልናል፤ ተማሪዎቹ ይወስዳሉ። ኮሚክ የሚለውን ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው።

ታሪኩን የራሳችን አደረግነው። መርማሪያችን ከፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ የተባረረ ግትር ሰው ነው። ወዳጁ ከእሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ማን ማን እንደሆነ ለመገመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ሥራውን ስንጀምር ጓደኛዬ "እኔ ሰዎቹን እሥላለሁ፤ አንተ ፊኛዎቹን ሙላ" አለኝ። ፊኛ ሲል ሌላው ፊኛ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ። ከሰው አፍ ወጥቶ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ ነገር ማለቱ ነበር። ለካ አስቸጋሪው ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። ፊኛ ትንሽ ናት፤ አሥር ቃል ካስገባህባት ትፈነዳለች። እኔ ደግሞ ከቃል ቁጥሩ የባሰ ጣጣ ይዤ መጣሁ። የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ አማርኛ የሚናገር ቢሆን ኖሮ በዚያው ዘመን አማርኛ ይናገር ነበር ብዬ ተነሣሁ። የእነሱ ሰው በጋዝ መብራት ሲሄድ የእኛ ሰው እንዴት ይነጋገር ነበር? እሱን ፈልጌ ካላገኘሁ አልጽፍም አልኩ።

አንድ ደብተር ገዛሁና ክልክል ቃላት መዘገብኩበት። "ችግር የለም" ክልክል ነው። "አመሰግናለሁ" ቀርቶ "እግዜር ይስጥልኝ" ሆነ። ፖሊሱን ዘበኛ አልነው። መርማሪው ተጠርጣሪውን ሲያፋጥጥ እንደ ድሮ ባላጋራ "ተጠየቅ" ብሎ ይነሣል። ጓደኛዬ ንግግሩን ወደ ሥዕሉ ሲገለብጥ ከራሱ የጨመረው ዘመኑን ያልጠበቀ ቃል ካገኘሁ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "በዘመኑ አይባልም" ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ይህችን አባባል ወሰዳትና መቀለጃ አደረጋት። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ ሳዝዝ "በዘመኑ አይባልም" ይለኛል። አስተናጋጇ ግራ ተጋብታ ታየናለች።

እሱም ስህተት አያጣም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲመጣ የእንግሊዙ ከተማ ጣሪያ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ፣ ሦስት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ግዙፍ የሐይቅ ወፎች፣ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ሐይቁ ዳር አድጎ ጣሪያ ሲሥል እጁ ራሱ አባ ኮዳ ይጨምራል።

"እዚያ አገር አባ ኮዳ የለም" አልኩት።

"ሄደህ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ምናልባት አለ።"

አስጠፋሁት። የእኔን ስህተት ስናገኝ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በሁለተኛው ክፍል ሌባው የሚያዝበት ማስረጃ የቆመ ሰዓት ነበር። እኔ "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ቆጣሪውን ሦስት ላይ አድርጎ ሣለ። በእነሱ አቆጣጠር ያ ሰዓት ዘጠኝ መሆኑን ያገኘው አንድ ተማሪ ነው። ታሪኩ በሙሉ ፈረሰ። ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሱ ግን አንድ ቃል ሳይናገር አራት ገጽ እንደገና ሣለ፤ እኔም አንድ ቃል ሳልናገር ተቀበልኩ። ዛሬ ሳስበው ያኔ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ብለምድ ኖሮ ኋላ ይጠቅመኝ ነበር።

ጠቡ በሰባተኛው ክፍል መጣ። ሰዓት ሠሪው በሳንባ በሽታ ይወድቃል፤ መርማሪው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያስታምመዋል። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ሰዎች እንደ ጨዋ ደንብ አንቱ ነበር የሚባባሉት። በእንግሊዝኛው አንተም አንቱም አንድ ቃል ስለሆነ መርጦ የሚገላግለን አልነበረም፤ እኔ ግን ስመርጥ አላመነታሁም። ገጾቹን ለማባዛት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቆመን ሳለ ጓደኛዬ ጣቱን አንዲት ፊኛ ላይ አደረገ።

"ይሄ ሰው ጓደኛው ሊሞትበት ነው" አለ። "አንቱ እያለ ነው የሚያስታምመው?"

"የተከበሩ ሰዎች ናቸው።"

"አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየበሉ?"

"በዘመኑ አይባልም።"

"ማን ነገረህ?"

ማንም አልነገረኝም። ደብተሬ ውስጥ በጉልበት የጻፍኩት ሕግ ነበር። ባለ ፎቶ ኮፒው ማሽኑን አቁሞ ያዳምጠናል፤ ሁለት ተማሪዎችም ተራ ይጠብቃሉ። አራሚ በሰው ፊት ሲታረም ምን እንደሚሆን የሚያውቀው አራሚ ብቻ ነው። ሳቅ ብዬ፣ ቀልድ ለማስመሰል፣ እንዲህ አልኩት፦ "ይሄ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሊያውቀው አይችልም።"

እሱ ቤቱ የሚነጋገረው በሲዳምኛ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነበር፤ በልጅነቱ ተባዕቱንና አንስቱን እየቀላቀለ መምህሩን "አንቺ" ብሎ ክፍሉ እንዴት እንደሳቀበት፣ በዚያ ቀን ሁለተኛ ማንም አይስቅብኝም ብሎ እንዴት እንደማለ አጫውቶኛል። ለእኔ ብሎ የነገረኝን ነው በሰው ፊት የመለስኩለት። ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ።

ጓደኛዬ እስክሪብቶውን ከደነ። ኪሱ ከተተው። "ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እርስዎ ያውቃሉ።"

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። እሑድ ሳይመጣ ቀረ፤ ደወልኩ። "አቤት፣ እንደምን አሉ?" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "ኧረ ተው እንግዲህ" አልኩት። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ለወረዳ ሹም የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያን ዕለት ባጃጅ ይዤ ቤቱ ሄጄ ቢሆን ምናልባት ይመለስ ነበር። አልሄድኩም። እሱ ይምጣ አልኩ፤ በእኔ ቤት ተበዳዩ እኔ ሆኜ ነበር።

የተጣላ ሰው በወግ ይጣላል። እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ፊኛዎቹን በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ ገጾቹ በቀናቸው ይመጣሉ፤ ከሥር "ገጽ አራት ተልኮልዎታል" የሚል ይኖራል። እኔ አንተ እያልኩ እጽፍለታለሁ፤ እሱ እርስዎ እያለ ይመልስልኛል። እንዲህ ሲሆን የጌታና የሎሌ ንግግር እንደሚመስል ያየሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ክረምት ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ልጁን አስይዞ ፓፓያና ሙዝ ላከልኝ። ፌስታሉ ውስጥ ወረቀት ነበረች፤ በዚያ በሰሌዳ ጸሐፊ ውብ እጁ "እግዚአብሔር ይማርዎት" ይላል። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ወጊው ሆኜም አልረሳሁም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ወርጄ እቀመጣለሁ፤ ከዓሣ የተረፈውን ለመልቀም የሚጋፉትን አባ ኮዳዎች አያለሁ፤ አንዱ እንደ ጡረተኛ ለብቻው ቆሞ ሲገኝ እሱን አያለሁ። ከጥንዶችና ፎቶ ከሚነሡ ተማሪዎች መሀል ብቻዬን መቀመጤ አስተናጋጁን ሳያሳስበው አይቀርም፤ "ሰው ይጠብቃሉ?" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ።

ነገሩን ያባሰው ደብዳቤው ነው። ኮሚካችንን የሚያነብ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የድሮ አማርኛ እንደምፈልግ ሰምቶ፣ ከቅድመ አያቱ ሣጥን ውስጥ የተገኙ ደብዳቤዎችን ኮፒ አምጥቶ ሰጠኝ። ከነዚህ ውስጥ አንዱን የጻፈው ሰው ለእኩያ ወዳጁ ነበር የላከው፤ ሁለቱም ማዕረግ ያላቸው፣ ሁለቱም የዚያው ዘመን ሰዎች። ጸሐፊው ስለ ዝናብ ይጠይቃል፣ ስለ በቅሎው ሕመም ያወራል፣ ወዳጁ የናፈቀው መሆኑን ሳያፍር ይናገራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቱ የሚል ቃል የለበትም። አንተ፣ ላንተ፣ ካንተ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ልማዴ ስህተት ፍለጋ። ስህተቱ የእኔ ነበር።

ለጓደኛዬ መላክ ነበረብኝ። ኮፒውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምክንያቱን አሳምሬ መናገር አልችልም፤ ኩራት ነው፤ ፍርሃትም ነው። በዘመኑ አይባልም ያልኩት ከተባለ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩት ለምንም ነበር ማለት ነው። ሁለት ክረምት አለፈ፤ መሳቢያው እንደተዘጋ ነው። ሰባተኛው ክፍልም እንዳለ ወጥቶ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው በአንቱታ ታሞ በአንቱታ ድኗል።

ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስን። ሰዓት ሠሪው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ባቡር ጣቢያ ላይ ይሰነባበታሉ። ይህን ገጽ ስጽፍ ደብተሬን አልከፈትኩም። መርማሪው በስምንት ክፍል ውስጥ ተናግሮት የማያውቀውን እንዲናገር አደረግሁት፦ "ሳትሄድብኝ በፊት ልታውቅ የሚገባህ ነገር አለ። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" በገጹ ላይ ያለውን አንቱ ሁሉ አንተ አደረግሁ። ለጓደኛዬ ምንም ማብራሪያ አልጻፍኩም። የሃያ ዓመት ወዳጄ ስለሆነ ይገባዋል አልኩ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ላክሁትና አራት ቀን ጠበቅሁ።

በአምስተኛው ቀን ገጹ መጣ። እንደዚያ ያለ ሥዕል ሠርቶ አያውቅም። ጭጋጉ የእኛ ሐይቅ የማለዳ ጭጋግ ነው። ሁለቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ የአንዱ ፊት ብቻ ይታያል። በጣቢያው ጣሪያ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ አንድ አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። ካስጠፋሁት ጀምሮ ሥሎት አያውቅም ነበር። እሱን ሳይ ልቤ ዘለለ።

ከዚያ ፊኛዎቹን አነበብኩ። "ሳይሄዱብኝ በፊት ሊያውቁ የሚገባዎ ነገር አለ።" አንድም ሳይቀር ሁሉንም ወደ አንቱ መልሷቸዋል። ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያው በሚያምር እጁ፣ እንዲህ ይላል፦ "በዘመኑ አይባልም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ቀልድ ይሁን ቁስል አላወቅሁም። አባ ኮዳውን ሳይ ቀልድ ይመስለኛል፤ ጽሑፉን ሳነብ አይመስለኝም። ድሮ ቢሆን የእሱን ቀልድ ለማወቅ ፊቱን ማየት እንኳ አያሻኝም ነበር። አሁን ስልኬን እያራቅሁና እያቀረብሁ፣ አንድ መስመር ቀይ ጽሑፍ እንደ እንግዳ ሰው እጅ አገላብጬ እመረምራለሁ። መርማሪ ነኝ ባይ።

ተነሥቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ደብዳቤውን ፎቶ አነሣሁና ላክሁለት። ከዚያ ይቅርታ ለመጠየቅ ተቀመጥኩ። "ይቅርታ አድርግልኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ አንተ የማለት መብት አለኝ ወይ ብዬ አጠፋሁት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ ለማንም መንገደኛ የሚባል ነው፤ አጠፋሁት። በዚያ ዘመን ቢሆን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይወድቅ ነበር፤ ድንጋዩ አንተም እርስዎም አይልም። በአማርኛ አንተ ወይም እርስዎ ሳይመርጡ ይቅር በለኝ ማለት እንደማይቻል በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ዕድሜ ልኬን ሳርመው የኖርኩት ቋንቋ መውጫ አሳጣኝ።

በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ላክሁ፦ "ይቅርታ።"

ደብዳቤውን ማየቱን ከመልእክቱ ሥር የታዩት ሁለት ምልክቶች ነገሩኝ። ደጅ የአከራዬ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

"ለምኑ?" ብሎ ጻፈ።

"ለትምህርት ቤቱ" አልኩት።

እየጻፈ መሆኑ ይታየኛል። ይጽፋል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጽፋል። ረጅም ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። የመጣው አንድ ቃል ነበር።

"እሺ።"

እንደ ልማዴ ደጋግሜ አነበብኩት። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም። ስፈልገው የነበረው አንተ የለበትም። እርስዎም የለበትም።